ለመንገድ የሚሆን ሞላ

ጥቅምት 6

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸው ብቻ ደረጃ ሲወጡ ያስቸግራቸዋል። አንተንም ባለህበት ጤናህን ይጠብቅልህ።

ስልክ ትቼ ደብዳቤ የጻፍኩልህ ወድጄ አይደለም። ቤታችን ጠባብ መሆኑን ታውቃለህ፤ ሳሎን የማወራውን አባባ መኝታ ቤት ሆነው ይሰማሉ። የአንተ ድምፅ ከስልኩ ሲወጣ ደግሞ ሬዲዮናቸውን ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ነገሬን በጽሑፍ ላድርገው።

መኪና ገዛሁ። አዎ፣ እኔ። ሰው ሠራሽ ጥርስ የምንሠራለት አንድ ሐኪም ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር የስፖርት መኪናውን ሸጠልኝ። ግራጫ ናት፣ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ ረጅም። ጎረቤቱ ሁሉ አፉን አሟሸብኝ። "ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ጭራሽ የጎረምሳ መኪና ገዛች" ይላሉ አሉ። ሲደክማቸው ይተዉታል።

ሞተሯ ወርቅ ነው። ችግሩ ከታች ነው። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ጀልባ ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል፤ አንዴ መወዛወዝ ከጀመረች አባብለህ አታቆማትም። ጋራዥ ባሳያት መወዛወዟን የሚገታው የአራቱም ጎማ አሞርዛተር ዘይቱን ጨርሷል፣ ሞላዎቹም ደክመዋል አሉኝ። የፋብሪካውን ዕቃ ደግሞ ማምረት አቁመዋል። ሌሎች ከሚሠሩት መምረጥ ሊኖርብኝ ነው።

መለዋወጫ ሻጩ፣ ሰፈሩ "ችኩሉ" የሚለው ሰውዬ፣ ሦስት ዓይነት አለ ብሎኛል። አንደኛው አጭር ሞላ ብቻ ነው፤ በነበረው አሞርዛተር ላይ ይገጠምና መኪናዋ መሬት ትጠጋለች፣ ታምራለች። ሁለተኛው ለውድድር የሚሆን ነው፣ ከፍታውም ጥንካሬውም በመፍቻ የሚስተካከል። ሦስተኛው ሞላውና አሞርዛተሩ እርስ በርስ ተለክተው የተሠሩ ናቸው፤ ከፋብሪካው ትንሽ ጠንከር ይላል። እሱ ግን በትእዛዝ ነው የሚመጣው።

አንተ ቀኑን ሙሉ ከሞላ ጋር የምትውል ሰው ነህ። የቱን ልግዛ? ገንዘብ አልጠየቅኩህም፣ ምክር ነው።

አባባ መኪናዋን በመስኮት አይተዋታል። "ይኼ መኪና አይደለም፣ መሳቢያ ነው" አሉ። ስለ አንተ አልጠየቁም። እንዳትጠብቅ ብዬ ነው የምነግርህ።

እኅትህ


ጥቅምት 29

ለእትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ጣቴን ያደነዝዘዋል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለብኝም። መልሴ የዘገየው ሥራ ስለበዛ ነው። እዚህ ብርድ ሊገባ ሲል ሰው ሁሉ መኪናውን ይዞ ይመጣል።

ደብዳቤሽን የምሳ ሰዓት ላይ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አለቃዬ "ምን ተገኘ?" አለኝ። "እኅቴ የስፖርት መኪና ገዛች" ስለው ሥራውን ትቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዓይነቷን ስነግረው አፏጨ። ስለዚህ ጎረቤቶችሽን አትስሚያቸው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሰው እኔ ዘንድ መጥቶ "የቱን ልግዛ?" ሲለኝ ዕቃ አላሳየውም፤ መጀመሪያ እጠይቀዋለሁ። በየት በየት ነው የምትነጂው? አስፋልቱ ደህና ነው ወይስ የተቦዳደሰ? የፍጥነት ማብረጃ ስንት ቦታ ትወጪያለሽ? አጠገብሽ የሚቀመጥ ሰው አለ? መኪናዋን የምታስተካክያት ለዓይን ነው ወይስ ለወገብ? እሱን ካልለየሽ ማንም ሻጭ የፈለገውን ይሸጥልሻል።

ሌላም አለ። ሞላ ከመግዛትሽ በፊት ጎሚኒዎቹን አሳዪ። ብረቱን ከብረት የሚለዩት ላስቲኮች ናቸው፤ እነሱ ካለቁ ምንም ብትገጥሚ ትንጫጫለች።

የአባባ ጉልበት ቀኙ ነው ግራው? በአውቶቡሱ ፍሪሲዮን ሲረግጡ የኖሩበት ግራው ይመስለኛል። መልሱን ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።

ወንድምሽ


ኅዳር 17

ለወንድሜ፣

እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን። ግራው ነው።

ለጥያቄህ መልስ ይኸውልህ። ከቤት እስከ ጥርስ ላቦራቶሪያችን ያለውን መንገድ ታውቀዋለህ፤ ከሄድክ ወዲህ የተሻሻለ ነገር የለም። ከጋዝ ማከፋፈያው በኋላ አስፋልቱ እንደ ተነካከሰ ዳቦ ሆኗል። ትምህርት ቤቱ ፊት ማብረጃዎች አሉ፣ አንዱ ከሕግ ውጭ ረጅም ነው፤ ሆዷ ሲነካው እኔን ያመኛል። ከዚያ ድልድዩና ከድልድዩ ቀጥሎ ያለው መታጠፊያ። እሑድ እሑድ ደግሞ ከከተማ ወጥቼ ዳገቱን እወጣለሁ። እዚያ መንገዱ አዲስ ነው፤ ለእሱ ብዬ ነው የገዛኋት ብል አልዋሸሁም። ቀኑን ሙሉ የሰው ጥርስ ስሞርድ ውዬ አንዴ እንኳ ልቤ ደረቴን ቢመታው ምናለበት?

አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው አለ ወይ ላልከው፣ አሁን አለ። አባባን ወደ ጉልበት ሕክምና የሚወስዳቸው ታክሲ ቀረና "በመሳቢያው እንሂድ" ብዬ ለመንኳቸው። ለመግባት ብቻ ብዙ ታገሉ። ገብተው ከተቀመጡ በኋላ አንድ እጃቸውን በሩ ላይ፣ ሌላውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያዩ ጀመር። ስንመለስ በር ላይ ቆም ብለው "ኋላው ሁለቴ ይዘላል። ፊቱ ሲያርፍ እሱ ገና አየር ላይ ነው" አሉኝና ገቡ። አልጠየቅኳቸውም።

ደግሞ ሌላ ነገር። ያንተን ደብዳቤ ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀምጬው ነበር። ከሥራ ስመለስ በሌላ በኩል ታጥፎ አገኘሁት። ቤት ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው የለም። እንዳላየሁ ሆኜ መልሼ አስቀመጥኩት። አንተም በሚቀጥለው ደብዳቤህ ምንም እንዳታነሳ።

እኅትህ


ታኅሣሥ 4

ለእትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ።

ኋላው ሁለቴ ይዘላል ያለ ሰው ትክክል ነው። ሞላ ይሸከማል፤ አሞርዛተር ደግሞ ሞላውን ያረጋጋዋል። ደህና አሞርዛተር ያላት መኪና ጉድጓድ ስታልፍ አንዴ ትነሳና ትቀመጣለች። ሁለቴ ከዘለለች የሚያረጋጋት የለም ማለት ነው። እዚህ አሞርዛተሩን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ የሚፈትን ማሽን አለን፤ ያንን ነገር ወረቀት ላይ በመስመር ያወጣዋል። መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ይህን የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ አይገኝም።

አሁን ከሦስቱ የቱን እንደምልሽ ልንገርሽ። የውድድሩን ተይው። የሚስተካከል ነገር ጥሩ ይመስላል፤ ግን ሰው አንዴ ጠንካራ ያደርገውና እንደዚያው ይነዳዋል። በአንቺ መንገድ ላይ ጥርስሽን ራስሽ መሥራት ይኖርብሻል።

አጭሩን ሞላ ግን ተይው ብቻ ሳይሆን አትንኪው እልሻለሁ። ሞላ ሲያጥር ጎማው ወደ ላይ ወደ ታች የሚልበት ቦታ ያጥራል። ጉድጓድ ሲያገኝ የሚሄድበት ያጣና መጨረሻ ላይ ካለው ማረፊያ ላስቲክ ጋር ይጋጫል። ያን ጊዜ መኪናዋ ሞላ የሌላት ያህል ነው፤ መሬቱን ትለቃለች። መሬት ያልያዘ ጎማ ደግሞ መሪም ፍሬንም አይሰማም። በዚያ ላይ የሞተ አሞርዛተር።

ሦስተኛውን እዘዢ። ቆይቶ ይምጣ፤ አንቺም ቆዪ። እስከዚያ ዳገቱን ተይው።

ለተቀሩት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 30

ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ዘገየሁ፤ ምክንያቱን አሁን ስታነብ ትቆጣለህ።

አልጠበቅኩም። ሦስተኛውን አዝዣለሁ፣ ግን ችኩሉ "መርከብ ላይ ነው፣ ጉምሩክ ነው" እያለ ሲያመላልሰኝ ሰለቸኝ። አጭሩ ሞላ መደርደሪያው ላይ ነበር። "እስከዚያ ይሄን ግጠሚ፣ ሲመጣ ትቀይሪዋለሽ" አለኝ፤ እኔም እሺ አልኩ።

ብታያት እንዴት አምራለች መሰለህ። በጎማውና በላይኛው ቆርቆሮ መካከል ጣት አይገባም። ነዳጅ ማደያው ጋ ቀጂው ሥራውን ትቶ ዞሯት። ትነጥራለች፣ አልዋሽህም፤ ማብረጃውን በሰያፍ ነው የማልፈው። ግን መሪዋ ስል ሆነልኝ፤ የነካኋት ቦታ ትሄዳለች።

አባባ ወጥተው አዩዋት። ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡና በጎማው ክፍተት ውስጥ በባትሪ ተመለከቱ። ከዚያ ወንበሩን ራሳቸው ተሸክመው ገቡ። አንተ ብትሆን በደብዳቤ ትጮህብኛለህ፣ እሳቸው ዝም ይላሉ፤ ሁለታችሁም ያው ናችሁ። በእኔ ሞላ ምክንያት ያ የድሮው ነገር እንዲነሳ አልፈልግም። ያን ቀን ጣቢያው ላይ፣ በተሳፋሪ ሁሉ ፊት የአባባን አውቶቡስ ቁልፍ ስትነቅል ቆሜ አይቻለሁ። ልክ ትሁን አትሁን አልፈርድም። ግን ከዚያ ወዲህ የሁለታችሁን ዝምታ የምሸከመው እኔ ነኝ።

እኅትህ


ጥር 11

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፣ ዛሬ እመልሳለሁ።

ያን ሞላ አስወጪው። የድሮውን ደካማ ሞላ መልሰሽ ግጠሚ፤ ይወዛወዝ፣ ይሻላል። መሪዋ ስል የሆነልሽ መኪናዋ ስለተሻለች አይደለም፤ መሬቱ ደህና እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። እባክሽ።

ስለ ጣቢያው ጉዳይ አንቺ ስላነሳሽው እመልስልሻለሁ፣ ሁለተኛ አላነሳውም። የኩባንያው መርማሪ ሜካኒክ እኔ ነበርኩ። የአባባ አውቶቡስ የኋላ ባሌስትራ፣ ክብደቱን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ዋናው ቅጠሉ ተሰንጥቆ ነበር። አሳየኋቸው። "አይቼዋለሁ፣ ቀስ ብዬ እወስደዋለሁ" አሉኝ። ሰው ተሳፍሮ አልቋል፣ ሻንጣ ተጭኗል። ደግሜ ለመንኳቸው። ከዚያ ቁልፉን ነቀልኩ። አባባ ሲወርዱ ተሳፋሪው አጨበጨበ፤ ለእኔ ነው ለእሳቸው እስካሁን አላውቅም። በማግስቱ ሥራቸውን ለቀቁ። እኔ ያጨበጨቡትን ሰዎች ነው የማልረሳው።

ቁልፉን በመንቀሌ ግን አልጸጸትም። ዛሬም ቢሆን እነቅለዋለሁ። ይሄን ቴሌቪዥኑ ሥር ብታስቀምጪውም አልከፋም።

ሞላውን አስወጪው።

ወንድምሽ


የካቲት 3

እትዬ፣

ደህና ናችሁ? መልስ አጣሁ። ስልክም ደወልኩ፣ አይነሳም። ቢያንስ "ደህና ነን" የምትል አንዲት መስመር ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 21

ለልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? እኅትህ ደህና ናት፤ አስቀድሜ እሱን ልንገርህ ብዬ ነው። እኔም ደህና ነኝ። ስልኩን ያላነሳነው ተጣልተን ስለነበረ ነው፤ እሷ ክፍሏን ዘግታ፣ እኔ ሬዲዮኔን ከፍቼ። የአንተን ደብዳቤዎች ስትተዋቸው አነብ ነበር። እንዳነብ ብላ የምትተዋቸው ይመስለኛል።

የሆነውን ላጫውትህ። ከጉልበት ሕክምና ስንመለስ ነው። ፍጥነቷ መጥፎ አልነበረም፣ ሾፌርነቷም አይናቅም፤ ከአንተ ትሻላለች። ድልድዩ ሲያልቅ አስፋልቱ ከሲሚንቶው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ወደ ውስጥ ሰምጧል። እሱን በአውቶቡስ እንኳ ቀስ ብዬ ነበር የማልፈው። እሷ መታጠፍ ጀምራ ነበር። ከታች ብረት በብረት ሲመታ ሰማሁ፤ ከዚያ ኋላዋ መሬቱን ለቀቀ። መኪናዋ እንዳለች ወደ ግራ ሄደች። ከፊት ሲሚንቶ የጫነ ትልቅ መኪና ይመጣ ነበር። ሾፌሩ ንቁ ሰው ነው፤ ወደ ዳር ወጣልንና በጡሩምባ ሰድቦን አለፈ።

እኅትህ ዳር ይዛ ቆመች። ሳቀች፤ ሳቅ ግን አልነበረም። "ቦታ እንቀያየር" አልኳት። ጉልበቴ እያመመኝ ነድቼ ቤት አስገባኋት።

ከዚያ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። "በዚህ ሞላ ከዚህ ግቢ አትወጪም" አልኳት።

"የራሴ መኪና ናት። ትልቅ ሰው ነኝ" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት።

"አባባ፣ ሥራ አለኝ፣ ቀስ ብዬ እነዳለሁ" አለች።

ይህን ስትል የማን ቃል እንደሆነ አወቅሁ። ቁልፉን ግን አልሰጠኋትም። ጎረቤቱ አጥር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። እሷ ያፈረችው ከሁሉ በላይ በዚያ ይመስለኛል፤ እኔም አይቼው ነበር፣ ግን ጎረቤት ስላለ ብዬ ቁልፉን መመለስ አልቻልኩም። ሌላ መንገድ አልነበረም።

በታክሲ ወደ ሥራ ሄደች፣ በታክሲ ተመለሰች፤ አላናገረችኝም። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሻይ ይዛልኝ መጣችና "ሻጩ ዕቃው ገብቷል ብሏል" አለችኝ። አብረን ሄደን አመጣነው። ከእኔ ትሻላለች።

አሁን ጋራዥ ናት። አጭሩ ሞላ ወጥቷል። አዲሱ አሞርዛተር አናቱ ላይ ሻጩ ያልነገረን፣ በእጅ የምትዞር ማጥበቂያ አለችው፤ ጋራዡ ሰው "ለስፖርት መኪና እስከ መጨረሻው አጥብቋት" ይላል። እኔ አላመንኩትም። አንተ ምን ትላለህ? መልስህን እስክሰማ እንዳይነካት ነግሬዋለሁ።

አባትህ


መጋቢት 2

ለአባባ፣

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ደርሶኝ አነበብኩት። አለቃዬ ዛሬ ወደ ቤትህ ሂድ አለኝ፤ ምን አይቶብኝ እንደሆነ እንጃ። አልሄድኩም፤ እዚሁ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ እጽፍልዎታለሁ።

ጋራዡን አለማመንዎ ልክ ነው። እስከ መጨረሻው የጠበቀ አሞርዛተር ጎማውን አንጠልጥሎ ያስቀረዋል፤ ከአጭሩ ሞላ ብዙም አይለይም። ከለስላሳው ይጀምሩ። እርስዎ ራስዎ አጠገቧ ተቀምጠው ትምህርት ቤቱ ፊት ያለውን ማብረጃ ይለፏት። ኋላዋ ካልተረጋጋ አንድ አንድ እያሉ ያጥብቁ። አንዴ ተነስታ የተቀመጠች ቀን እዚያ ላይ ይተዉአት። ከእኔ ማሽን ይልቅ የእርስዎን መቀመጫ አምናለሁ።

ጎሚኒዎቹን የሚይዙትን ብሎኖች ደግሞ የጋራዡ ሰው መኪናዋ ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ እንዳያጠብቃቸው። በአራት ጎማዋ መሬት ከቆመች በኋላ ነው የሚጠብቁት፤ አለበለዚያ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ትንሽ ከተነዳች በኋላ ጎማዎቿ ቀጥ ማለታቸውን ያስለኩ።

ጉልበትዎ እያመመ ፍሪሲዮን መርገጥዎን አልወደድኩትም። ግን እንኳንም እርስዎ አብረዋት ነበሩ።

የወሩ መጨረሻ ላይ እረፍት ሰጥተውኛል። ቲኬት ቆርጫለሁ። ያቺ መኪና ከሁለት ሰው በላይ ስለማትይዝ ማን ሊቀበለኝ እንደሚመጣ እርስዎና እትዬ ተስማሙ።

ልጅዎ


መጋቢት 16

ለወንድሜ፣

እኔ ደህና ነኝ፣ አንተም ደህና ሁንልኝ።

መኪናዋ ወጥታለች። ከፋብሪካው ትንሽ ዝቅ ብላ፣ ከአጭሩ ሞላ ከፍ ብላ ቆማለች። ነዳጅ ቀጂው አሁን አይዞራትም፤ አስተያየቱን ለራሱ አድርጓል። ከአባባ ጋር ማብረጃው ላይ ስንመላለስ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጠፍታችሁ ነው ወይ ብሎ ጠየቀን። በመጨረሻ አባባ "በቃ፣ እዚህ ላይ ተያት" አሉኝ። ዳገቱን አብረን ወጣነው። ከላይ ሆነው ከተማውን ሲያዩ ቆዩና "ስንወርድ እኔ ልንዳ" አሉ፤ ሰጠኋቸው።

ሊቀበሉህ የሚመጡት እሳቸው ናቸው። አልተከራከርንም። ዛሬ ጠዋት ከቤት እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደው ተመልሰዋል፣ ብቻቸውን፤ መንገዱን ላየው ብለው ነው።

ሻንጣህን ትንሽ አድርጋት።

እኅትህ